የሰው ልጅ ዕድገት ዋና ዋና የሥነ ልቦና ንድፈ ሐሳቦች፦ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

የሰው ልጅ ዕድገት ሲባል ከፅንስ ጀምሮ እስከ እርጅና ድረስ በአካል፣ በአእምሮ፣ በስሜትና በማኅበራዊ ግንኙነት ረገድ የሚታየው ቀጣይ ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ እንዴትና ለምን እንደሚከሰት ለማስረዳት ባለፉት መቶ ዓመታት ገደማ በርካታ የሥነ ልቦና ንድፈ ሐሳቦች ቀርበዋል። ንድፈ ሐሳቦቹ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ብቻ ተወስነው የሚቀሩ አይደሉም። አንድ ሕፃን ትምህርት ቤት የሚገባበት፣ በወንጀል የሚጠየቅበት፣ በደመወዝ ሊቀጠር የሚችልበትና ጋብቻ ሊፈጽም የሚችልበት ዕድሜ በሕግና በፖሊሲ ሲወሰን፣ ከውሳኔው በስተጀርባ ስለ ሰው ልጅ ዕድገት የተያዘ ግንዛቤ አለ።

ይህ ማብራሪያ በጉራጌ ዞን የእዣ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን የአገና ከተማንና አካባቢዋን በምሳሌነት ይዞ የተዘጋጀ ነው። በአካባቢው ቤተሰቦች ዘንድ በየትውልዱ የሚነሳ አንድ ከባድ ውሳኔ አለ፤ እርሱም ልጅን ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ከተማ፣ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ዘንድ መላክ ነው። ከአገር ቤት ወጥቶ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ መሰማራት የጉራጌ ማኅበረሰብ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ከሊስትሮና ከሱቅ በደረቴ ተነስተው ራሳቸውን ከመቻል አልፈው ለአገር ቤታቸው መንገድና ትምህርት ቤት ያሠሩ ሰዎች ታሪክ በሰፊው ይታወቃል። ታሪኩ የሚያኮራ ነው። ሆኖም የሚነገረው የተሳካላቸው ሰዎች ታሪክ ነው፤ ያልተሳካላቸው ልጆች ታሪክ ብዙ ጊዜ ተናጋሪ የለውም። ስለዚህ ልጁ በስንት ዓመቱ፣ ማን ዘንድ፣ ለምን ጉዳይ ሊላክ ይችላል የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ንድፈ ሐሳቦቹ ምን እንደሚሉና የት ላይ እንደሚያጥሩ ማወቅ ለወላጆች ይጠቅማል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

ኦስትሪያዊው ሐኪም ዚግመንድ ፍሮይድ (እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1939) የአዋቂ ሰው ጠባይ መሠረቱ በልጅነት፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ዓመታት እንደሚጣል አስተማረ። ዝርዝር ሐሳቦቹ በኋላ ዘመን ምርምር በብዛት ተቀባይነት አጥተዋል። ልጅነት በአዋቂነት ላይ አሻራውን ይተዋል የሚለው ጥቅል ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ቆይቷል።

ይህ ሐሳብ ወደ ጉራጌ ምድርም ደርሶ ነበር። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ሕዝብና ስለ እንሰት ባህሉ መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ፣ በ1971 ባወጣው ጽሑፍ እንሰት በጓሮ ሞልቶ ሳለ በሰዎች ዘንድ የሚታየውን የምግብ ስጋትና ከዚያ ጋር የተያያዘ የመንፈስ ሥርዓት በልጅነት ከሚደርስ የምግብ እጦት ጋር አያይዞ ለማስረዳት ሞክሯል። አተያዩ ከፍሮይድ ትምህርት የወረሰው ነገር እንዳለ ግልጽ ነው። የአንድን ሕዝብ ሥርዓት ከሕፃናት አመጋገብ ብቻ መምዘዝ ግን ሰፊውን ነገር ማጥበብ ነው፤ የመሬት ጥበት፣ የግብር ጫናና የቤተሰብ አባላት ከቤት መራቅ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድርሻ አላቸውና። እንዲያም ሆኖ ጽሑፉ የነካው ነጥብ ዛሬም ዋጋ አለው። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም የፕሮቲን ይዘቱ አነስተኛ ስለሆነ፣ የሕፃን ሆድ በቆጮ ብቻ ሲሞላ ልጁ የጠገበ ይመስላል እንጂ ሰውነቱና አንጎሉ የሚፈልጉትን አላገኙም። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት የመቀንጨር ችግር ያለባቸው መሆኑ ተመዝግቧል። አይብ፣ እንቁላል፣ ወተትና ባቄላ ለእንግዳ ወይም ለገበያ ብቻ ሳይሆን ለሕፃኑም እንዲደርስ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ከፍሮይድ በኋላ በስሜት ዕድገት ላይ ከፍተኛ ተደማጭነት ያገኘው እንግሊዛዊው ጆን ቦውልቢ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከወላጆቻቸው ስለተለዩ ሕፃናት ለዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ባቀረበው ሪፖርት፣ ሕፃን ከምግብና ከልብስ ባልተናነሰ ሁኔታ ከሚያሳድገው ሰው ጋር ሞቅ ያለና ያልተቋረጠ ግንኙነት እንደሚያስፈልገው አስረዳ። ይህ የቁርኝት ንድፈ ሐሳብ ይባላል።

የንድፈ ሐሳቡ የመጀመሪያው የመስክ ምልከታ የተካሄደው በአውሮፓ ሳይሆን በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን ብዙዎች አያውቁም። የቦውልቢ የሥራ ባልደረባ የነበረችው ሜሪ ኤይንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ በሚገኙ መንደሮች እናቶችና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተመልክታለች። ከምልከታዋ የተገኘው ትምህርት ለአገናም ይሠራል፤ ሕፃኑ በእናቱ፣ በአያቱና በታላቅ እህቱ እጅ እየተቀባበለ ቢያድግም ቁርኝቱ አይበላሽም። ሕፃኑን የሚጎዳው የሚንከባከቡት ሰዎች መብዛታቸው ሳይሆን፣ የለመዳቸው ሰዎች በድንገት መጥፋታቸው ወይም ሲያለቅስ የሚሰማው ሰው ማጣቱ ነው። ልጅ በጎረቤት ሁሉ ዓይን ሥር በሚያድግበት፣ በጀፎረው ሰፊ ሣር ላይ ከእኩዮቹ ጋር ሲቦርቅ በሚውልበት አገር ይህን ማስረዳት ብዙም አይከብድም።

ከእናቱ ጋር ብቻ ተዘግቶ የሚያድግ የአውሮፓ ከተማ ሕፃንን መለኪያ አድርጎ የአገር ቤቱን አስተዳደግ «ጉድለት ያለበት» ማለት ስህተት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሕፃን የትም ቢያድር ይለምዳል የሚለው አባባልም ከዚህ ምርምር ጋር አይሄድም። በተቋም ውስጥ ያለ ቋሚ ተንከባካቢ ያደጉ ሕፃናት በንግግርና በስሜት ዕድገት ወደ ኋላ እንደሚቀሩ፣ በጊዜ ወደ ቤተሰብ ሲዛወሩም ብዙዎቹ እንደሚያገግሙ ከሩማንያ ሕፃናት ማሳደጊያዎች የተገኙ ጥናቶች አሳይተዋል። በአገራችንም በ2010 ዓ.ም. በተደረገው የቤተሰብ ሕግ ማሻሻያ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከቀረ ወዲህ፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናት በተቻለ መጠን በዘመድ፣ በአደራ ቤተሰብ ወይም በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ እንዲያድጉ መደረጉ ከዚሁ ግንዛቤ ጋር የተጣጣመ ነው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ ስለ አካላዊ ዕድገት መዘግየትም ይጨነቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ጋናንና ኦማንን ጨምሮ በአምስት አገሮች ባካሄደው ጥናት ጤናማ ሕፃናት ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምሩት ከ8 እስከ 18 ወር ባለው ሰፊ ጊዜ ውስጥ ነው። የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ መራመዱ የራስን ልጅ ዘገምተኛ አያደርገውም። 18 ወር ሞልቶት ያልተራመደ፣ ሲጠሩት ዞር የማይል ወይም ይናገር የነበረውን ቃል የተወ ሕፃን ግን ሳይውል ሳያድር በአቅራቢያው ባለ ጤና ኬላ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በጤና ጣቢያ መታየት አለበት። «የአባቱም ዘር ዘግይቶ ነው የሚናገረው» እየተባለ በጆሮ ሕመም ምክንያት የማይሰማ ልጅ ለዓመታት ቤት መቆየት የለበትም።

የማሰብ ችሎታ ዕድገት

የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1980) ልጅ ትንሽ አዋቂ ሳይሆን በራሱ መንገድ የሚያስብ ፍጡር መሆኑን ያሳየ ሰው ነው። የምርምሩን ትልቅ ክፍል የሠራው ሦስቱን የገዛ ልጆቹን በመመልከት ነው፤ ከሦስት ልጆች ተነስቶ ስለ ዓለም ልጆች ሁሉ መናገሩ ወዲያው ጥያቄ ቢያስነሳ አይደንቅም። በእርሱ አገላለጽ ሕፃኑ እስከ ሁለት ዓመቱ በስሜት ሕዋሳቱና በእንቅስቃሴው ያስባል፤ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት በቋንቋና በምስል ማሰብ ይጀምራል፤ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ዓመት በሚጨበጡ ነገሮች ላይ በሥርዓት ማሰላሰል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በዓይን ያልታየን ነገር በሐሳቡ ማመዛዘን ይጀምራል። የታወቀው ፈተናው በማንኛውም ቤት ሊደገም የሚችል ነው፤ በሁለት እኩል ብርጭቆ የተቀዳ ወተት ከአንደኛው ወደ ረጅምና ቀጭን ዕቃ ሲገለበጥ የአምስት ዓመት ልጅ «አሁን በዛ» ይላል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ግን ያው መሆኑን ያውቃል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በሰባት ዓመት እንዲጀመር መደረጉ ከዚህ የሰባት ዓመት ወሰን ጋር ይገጥማል። ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ባወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ትኩረት የተሰጣቸው ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት ደንግጓል። የአምስት ዓመትን ልጅ ፊደል በቃሉ አልወጣም ብሎ መቅጣት ዕድሜው የማይፈቅደውን መጠየቅ ነው። በዚያ ዕድሜ በጨዋታ፣ በተረትና በዘፈን የሚገኘው ትምህርት ይበልጣል።

ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ (እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1934) ከፒያዤ ጋር በአንድ ዓመት ቢወለድም በ37 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ስለሞተ ሥራው በምዕራቡ ዓለም በስፋት የታወቀው ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ለእርሱ ዕድገት ከውስጥ ብቻ የሚፈልቅ ሳይሆን ከሰው ወደ ልጁ የሚተላለፍ ነው። ልጁ ብቻውን የማይችለውን፣ ከእርሱ የሚሻል ሰው ሲያግዘው ግን የሚችለውን ሥራ የትምህርት ትክክለኛ ቦታ አድርጎ ወሰደው። እንሰት የሚፋቅበትን ግቢ ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ልጅቱ መጀመሪያ ታያለች፤ ቀጥሎ ቅጠሉን ታቀብላለች፤ ቀጥሎ እናቷ አጠገብ ሆና ትሞክራለች፤ በመጨረሻም ብቻዋን ትሠራለች። ማንም «ትምህርት» አላለውም እንጂ ትምህርት ነው።

የዚህ ሐሳብ ጥንካሬ በኢትዮጵያውያን ልጆች ላይ የታየበት አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 ወደ እስራኤል ከተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን መካከል ብዙ ልጆች በተለመደው የማሰብ ችሎታ መለኪያ ሲፈተኑ ያገኙት ውጤት ከአገሩ ልጆች እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። ሩቨን ፎየርስታይንና ባልደረቦቹ ግን ልጆቹን በአንድ ፈተና ከመፈረጅ ይልቅ የፈተናውን አሠራር ለአጭር ጊዜ ካስተማሯቸው በኋላ መልሰው ፈተኗቸው፤ ውጤታቸውም ከአገሩ ልጆች ጋር ተቀራረበ። መጀመሪያ የተለካው ችሎታቸው ሳይሆን ለፈተናው ያላቸው እንግድነት ነበር። ይህ በቤት ጉራጊኛ እየተናገረ አድጎ በሌላ ቋንቋ ለሚፈተን ልጅም፣ ከገጠር ትምህርት ቤት ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ በመግቢያ ፈተና «ክፍል ይድገም» ለሚባል ልጅም ይሠራል። እንዲህ ዓይነት ውሳኔ የሚገጥማቸው ወላጆች ልጁ የማገዣ ትምህርት ተሰጥቶት በድጋሚ እንዲመዘን ትምህርት ቤቱን ቢጠይቁ ጥያቄያቸው በቂ መሠረት ያለው ነው።

በብራዚሏ ሬሲፊ ከተማ የጎዳና ንግድ የሚሠሩ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ልጆችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ውጤትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ልጆቹ በገበያ ላይ ሒሳብ ሲጠየቁ 98 በመቶውን በትክክል ሲመልሱ፣ ተመሳሳዩን ስሌት በወረቀት ሲሰጣቸው የመለሱት 37 በመቶውን ብቻ ነበር። መልስ አሳምሮ የሚቆጥር ሊስትሮን ያየ ሰው አይገረምም። ሆኖም ከዚህ «እንግዲያው ትምህርት ቤት አያስፈልገውም» የሚል መደምደሚያ መውሰድ አይገባም። የገበያው ሒሳብ ልጁን ገበያው ድረስ ያደርሰዋል፤ ደረሰኝ ለማንበብ፣ ውል ለመፈረምና ግብር ለማስላት የወረቀቱ ሒሳብ ግድ ነው።

ልምምድ፣ አርአያነትና ግብረ ገብ

ቢ.ኤፍ. ስኪነርን የመሳሰሉ የባሕርይ ተመራማሪዎች ጠባይ በሽልማትና በቅጣት ይቀረጻል ይላሉ። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 ባካሄደው ሙከራ ደግሞ ልጆች አሻንጉሊት የሚደበድብ አዋቂ ካዩ በኋላ፣ ማንም ሳይሸልማቸው ያዩትን እንደሚደግሙ አሳይቷል። ልጅን በዱላ «ሰውን አትምታ» ብሎ የሚያስተምር ወላጅ የትኛው ትምህርት እንደሚያዝ ከዚህ መረዳት ይችላል።

ሎረንስ ኮልበርግ በግብረ ገብ ፍርድ ላይ ስድስት ደረጃዎችን ሲዘረዝር ዋነኛ ጥናቱን ያካሄደው በቺካጎ አካባቢ ወንዶች ልጆች ላይ ነው። ረቂቅ መርሕን ከሁሉ በላይ በማስቀመጡ፣ ሰላምንና ግንኙነትን የሚያስቀድም ሰው በእርሱ መለኪያ መካከል ላይ ይቀራል። ካሮል ጊሊጋን እ.ኤ.አ. በ1982 ይህ የሴቶችን አስተሳሰብ ያሳንሳል ስትል ተቃውማለች። በየጆካ ሥርዓት ተበዳይና በዳይን አስታርቀው የሚያሰናብቱ ሽማግሌዎችም በኮልበርግ ሚዛን ቢለኩ የሚገባቸውን ቦታ አያገኙም ነበር።

ኤሪክሰን፣ ብሮንፈንብረነርና ከቤት የወጣ ልጅ

ኤሪክ ኤሪክሰን (እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1994) ዕድገትን እስከ እርጅና ድረስ በስምንት ምዕራፎች ከፈለ። ሕፃኑ መጀመሪያ ሰውን ማመንን፣ ቀጥሎ ራስን መቻልንና ማነሳሳትን ይማራል። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ «እኔም እችላለሁ» የሚል የሥራ ፍቅር ወይም በተቃራኒው የበታችነት ስሜት ይይዛል። በአሥራዎቹ ዕድሜ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ከዚያም ፍቅርና ትዳር፣ ለተተኪ ትውልድ መልፋት፣ በመጨረሻም ያለፈ ሕይወትን በሰላም መቀበል ይከተላሉ።

ከቤት የሚላኩ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚወጡት በአራተኛውና በአምስተኛው ምዕራፍ መካከል ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሥራ ቢሰጠው ደስ ይለዋል፤ ሥራው የሚያሳድገው ግን የሚያደንቀው፣ ሲያጠፋም የሚያርመው ሰው ካለ ነው። ሌሊት ተነስቶ ሱቅ የሚከፍት፣ ትምህርት ያቋረጠ፣ ሲታመም የሚነግረው ሰው የሌለው ልጅ ከሥራው የሚማረው የበታችነትን ነው። የሴት ልጅ ሁኔታ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰው ቤት የምትሠራ ታዳጊ ከጎረቤት ዓይን ትሰወራለች፤ ጀፎረ የለም፤ ስትጮህ የሚሰማ ላይኖር ይችላል።

ዩሪ ብሮንፈንብረነር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ልጁን በተደራረቡ ክበቦች መካከል አስቀመጠው። ቤተሰብና ትምህርት ቤት በቅርብ፣ የወላጅ የሥራ ቦታና የአካባቢ አስተዳደር ራቅ ብለው፣ ባህልና ሕግ በውጭ ይገኛሉ። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው በክበቦቹ መካከል ስላለው ትስስር የተናገረው ነው። አባት መርካቶ፣ እናት አገና፣ ልጅ ወልቂጤ ቢኖሩም፣ በመካከላቸው መልእክት የሚመላለስ፣ የትምህርት ቤት ውጤት የሚጠየቅና ለመስቀል ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኝ ከሆነ ልጁ ብቻውን አይደለም። ትስስሩ ከተበጠሰ ግን በአንድ ከተማ መኖርም አይበቃም።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን 3,000 ልጆችን ለዓመታት ሲከታተል የቆየው «ያንግ ላይቭስ» የተሰኘ ጥናት፣ ሥራና ትምህርትን አጣምሮ መያዝ ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ልጅ የዕለት ኑሮ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ልጁ መሥራት አለመሥራቱ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ከትምህርቱ፣ ከእንቅልፉና ከጤናው ላይ ምን ያህል እንደሚወስድ ጭምር ነው።

ሕጉ የሚያስቀምጣቸው ዕድሜዎችና አገልግሎት የሚገኝበት ቦታ

በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መሠረት ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለ ወጣት ጥፋተኛ ለአዋቂ በሚወሰነው ቅጣት አይቀጣም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ሲሆን፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም በሌሊትና በትርፍ ሰዓት ሊሠራ አይችልም። በግለሰብ ቤት የሚሰጥ የቤት ሠራተኝነት በዚህ አዋጅ ባይሸፈንም፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት ማንኛውም ሕፃን ከጉልበት ብዝበዛና ለትምህርቱ፣ ለጤናው ወይም ለደኅንነቱ ጎጂ ከሆነ ሥራ የመጠበቅ መብት አለው። ለጋብቻ ዝቅተኛው ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ነው።

እነዚህ ጥበቃዎች ሁሉ የሚሠሩት የልጁ ዕድሜ በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ በቀበሌ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ጊዜው ያለፈባቸው ወላጆችም ቀርበው ማስመዝገብ ይኖርባቸዋል፤ የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው የ13 ዓመት ልጅ በከተማ «18 ሞልቶታል» ቢባል የሚከራከርለት ሰነድ የለውም።

ልጃቸውን ወደ ሌላ ከተማ ለመላክ ያሰቡ ቤተሰቦች የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የትምህርት ቤት መልቀቂያውንና የክትባት ካርዱን አሟልተው፣ የተቀባዩን ሰው ሙሉ ስምና አድራሻ ይዘው አስቀድመው በወረዳው የሴቶች፣ የሕፃናትና የማኅበራዊ ጉዳይ ሥራን የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ቀርበው ቢመካከሩ ይመረጣል። ልጁን ለማያውቁት ደላላ አሳልፎ መስጠት ለሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር በር ይከፍታል። ከልጁ ጋር ግንኙነት የተቋረጠባቸው ወይም በደል ደርሶበታል ብለው የሚጠረጥሩ ወላጆች ለመስቀል ይመጣል ብለው ሳይጠብቁ በአቅራቢያቸው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ወዲያውኑ ማመልከት ይኖርባቸዋል፤ ማመልከቻውን ለማቅረብ ልጁ ወደ ሄደበት ከተማ መጓዝ አያስፈልግም። ለመስቀል ወደ ቤት የተመለሰን ልጅም ምን ይዞ እንደመጣ ከመጠየቅ አስቀድሞ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ፣ የት እንደሚተኛና ሲታመም ማን እንደሚያስታምመው መጠየቅ ይገባል።